በዓይኗ ላይ የበቀለው ቆዳ

ወይዘሮ በቀለች ከዘንገና ሐይቅ አፋፍ ሥር ወድቃ የተገኘችው በ2008 ዓ.ም.፣ በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጀንበር እንደጠለቀች ነው። ሰዎች ጩኸት ሰምተው ሲወርዱ ልጇ ደሴ ራሷን ጭኑ ላይ አድርጎ «እማዬ፣ እኔ ነኝ! መጣሁልሽ እኮ!» ይላታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከመተማ ማዶ ጠፍቶ፣ ሞቷል ተብሎ ተወርቶበት፣ አገሩን የረገጠው ገና በዚያች ምሽት ነበር። አቤት የዕድል ክፋት! እንኳን ደህና ገባህ ያለው ሰው ሳይኖር በካቴና ታስሮ ወደ እንጅባራ ተወሰደ።

እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር ሶስና በባጃጅ ከች አለች። አርባውን ያለፈች፣ ሹራብ ደርባ የምትለብስ፣ ዓይኗ የማያርፍ ሴት ናት። ኮንስታብል ምንይችል አፋፉ ላይ ጠበቃት።

«ነገሩ ያለቀለት ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት። «ልጁ ገፍትሯታል። ጎረቤቷ በጆሮዋ ሰምታለች።»

«ያለቀለት ከሆነ እኔን በዚህ ብርድ ምን አመጣኝ?» አለችና ጥላው አለፈች።

ግቢው ለዓይን ያምራል፤ ለእግር ግን አያስተማምንም። ከቤቱ ደጃፍ የሚነሳው መንገድ ወደ አጥሩ በር በቀጥታ አይወርድም። መሐል ላይ ገደሉ ገብቶበታልና፣ መንገዱ አንድ ትልቅ የኮሶ ዛፍ ድረስ ሄዶ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ከዚያ ነው ወደ በሩ የሚመለሰው። ሶስና ደጃፉ ላይ ቆመች። ሟች ቅዳሜ የጓሮውን ግድግዳ ስትመርግ ውላ ስለነበር እጆቿ ጭቃ እንደለበሱ ነው የሞተችው። የበሩ መቃን በደረቀ የጭቃ መዳፍ ተለውሷል። አንድ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች፣ መዳፍ በመዳፍ ላይ። የሚገርመው ደግሞ የግራው መቃን ብቻ ነው፤ የቀኙን ማንም አልነካውም። በመዳፎቹ መካከል እንጨቱ ዙሪያውን ተፍቆ ልሟል፤ አንድ ነገር ለረጅም ጊዜ ታስሮበት የኖረ ይመስላል። እንዲህ ያለ የመፋቅ ምልክት፣ ፍቆሽ፣ በኮሶው ግንድ ላይም አገኘች። ከአጥሩ በር ምሰሶም አልጠፋም።

ጎረቤቷ እትዬ እታለማሁ ግቢያቸው ከሟች ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ሰሙ፣ እትዬ?»

«ልጁ ከበሩ ቆሞ ‹እማዬ!› ብሎ ሲጣራ ሰማሁ። እሷም ‹የታለ? የታለ?› አለች፤ ሁለቴ። ቀጥላ ‹ተወኝ!› አለች። ከዚያማ ጩኸት ነው፣ ልጄ። ምነው ጆሮዬን በደፈነው!»

«ጸብ ነበራችሁ?»

«ከበቀለች ጋር? እህት ማለት ነበረች እኮ! ብቻ ካምና ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠብኝ። ቀን ስንገናኝ ያው ፍቅር ናት። ሲመሽ ግን ፊት ለፊቴ መጥታ ሰላም ሳትለኝ ታልፋለች። ኮራች ብዬ ተቀየምኳት። የሠርክ ጸሎቱንም እርግፍ አድርጋ ተወች። ከዶሮ እኩል ነበር ቤት የምትገባው።»

ከግቢው ጥግ አንድ ሙክት በግ ባ አለ። ነጭ የናይለን ገመድ አንገቱ ላይ ታስሮ፣ የተረፈው መሬት ላይ ተጠቅልሏል። ገመዱ አለፍ አለፍ እያለ ቋጠሮ አለበት።

«ይሄስ?»

«የሕይወት ነው፣ የልጇ። ወንድሟ ‹መጣሁ› ብሎ ደውሎላት፣ እናቷን ድንገት ልታስደስት ገዝታው ነበር። በቀለች እንዳታየው እኔ ጋ ደበቀችው። ለደስታ የመጣ በግ…» ብለው አልጨረሱትም፤ እንባ ቀደማቸው።

ሶስና ገመዱን አየችው። ምነው እንደገመትኩት ባልሆነ አለች በልቧ። ስትነሳ ግን ቀልድ ቢጤ ጣል አደረገች። «ቅቤ በተወደደበት በዚህ ዘመን ጸጉርዎ ሲያንጸባርቅ!»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ጎተቱት።

የሟች ባል ወንድም አቶ እንግዳው ከሰል አክሳይ ናቸው። ንግግራቸውም ከከሰላቸው የማይተናነስ ትኩስ ነበር። «ሲሄድ ተጣልተው ነው የሄደ! ‹ሁለተኛ ዓይኔን አታዪም› ብሏት ነው የወጣ! አሁንም መሬቷን ሊወርስ ነው የመጣው።»

«ሊወርስ የመጣ ሰው ከበር ላይ ቆሞ ‹እማዬ› ብሎ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፣ ጋሼ?»

አቶ እንግዳው እንዲህ የሚሉት ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ሐዘናቸው የሚያርፍበት ሰው ፈልጎ ነው።

ሕይወት እንጅባራ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል። «አስፋልቱ ላይ ልቀበለው ቆሜ ነበር። እሱ በእግር መንገድ አቋርጦ መጣ። ተላለፍን፣ ኢንስፔክተር።»

«እናትሽ ምን ይበሉ ነበር?»

«ምን እላለሁ… ድንች። ስመጣ ሁሌ ድንች በጨው ስትበላ ነው የማገኛት። ቅቤ ግን አላጓደልኩባትም። በየገበያው ቀን አመጣላት ነበር። ትመርቀኛለች፣ ተቀብላ ታስቀምጣለች። ታዲያ ለምን ትከሳለች እያልኩ እበሳጭ ነበር።»

«ማታ ላይ መጥተሽ ታውቂያለሽ?»

«የመጨረሻው ሚኒባስ ስለሚያመልጠኝ ሁሌም በቀን ነው።»

ደሴን ጣቢያ አገኘችው። ፀሐይ ያጠቆረው፣ ትከሻው የጎበጠ ወጣት። ምግቡን አልነካም።

«በሯ ላይ ስደርስ ፈራሁ» አላት። «በክፉ ተለያይተን ስለነበር ዘልዬ መግባት ከበደኝ። እዚያው ቆሜ ጠራኋት። ‹ደሴ! አንተ ነህ?› አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትፈልግ ጀመር፤ ‹የታለ? የታለ?› ትላለች። ‹ምኑ ነው፣ እማዬ?› አልኳት። ‹ተወው፣ መጣሁ!› አለችኝ። ምኑን እንደምተወው አልገባኝም። ቀጥ ብላ ወደኔ መጣች፤ ገደሉን እያየሁት… ‹ቁሚ!› ስላት እግሯ ለቋል።»

«ተወው ነው ወይስ ተወኝ?»

«ተወው።» ቀና ብሎ አያት። «ለምን ‹ተወኝ› ትለኛለች? አልነካኋትም እኮ።»

ከሰዓት በፊት አስከሬኑን በሆስፒታሉ የመረመረው ወጣቱ ዶክተር ነጋ ነበር። ሶስና ስትገባ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና አለ።

«ከአወዳደቋ ጉዳት ሌላ የእጅ አሻራ፣ የመታገል ምልክት የለም» አላት። «ግን ይሄን ይዩልኝ። ነጩ የዓይኗ ክፍል ላይ ደረቅ፣ አረፋ የመሰለ ጠባሳ አለ፣ በሁለቱም ዓይን። ፍቄ ስመለከተው ያገኘሁት ዓይንን የሚሸፍነው እርጥብ ገበር አይደለም። ቆዳ ነው።»

«ዓይን ላይ ቆዳ?»

«በእናታችን ማህፀን ሳለን ሰውነታችንን ከውጭም ከውስጥም የሚያለብሱት ሕዋሳት መጀመሪያ ይመሳሰላሉ። በኋላ ነው አንዱ ደረቅ ቆዳ፣ ሌላው የአንጀት ገበር፣ ሌላው እርጥብ የዓይን ገበር መሆንን የሚማረው። ግን አንዴ ተምረው አያበቁም፤ ማንነታቸውን ዕድሜ ልክ የሚያስታውሳቸው ነገር ይፈልጋሉ። የዓይኑ አስታዋሽ ቫይታሚን ኤ ነው፤ ከቅቤ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል የምናገኘው። ጎመንም አለው፤ ግን ያለ ቅባት ሰውነት በቅጡ አይወስደውም። አስታዋሹ ሲጠፋ የዓይኑ ሕዋስ ዓይን መሆኑን ይረሳል። ይደርቃል፤ ቆዳ ይሆናል። የሲጋራ አጫሽ የሳንባ ገበርም በጭሱ የተነሳ እንዲሁ ይለወጣል። አንዳንዴ ካንሰርም የሚጀምረው እንዲህ ማንነቱን ከለወጠ ገበር ነው።»

«ይሄ ሰው ሲመሽ ያያል?»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። «አያይም። ጠባሳው ከመውጣቱ አስቀድሞ የሚመጣው ዳፍንት ነው። ቀን ደህና ያያሉ። ጀንበር ስትጠልቅ ዕውር ናቸው።»

ሶስና የሕይወትን ቃል አስታወሰች። ቅቤ በየገበያው ቀን እየመጣላት በቅቤ እጦት የታወረች ሴት! ቀብሩ እንዳለቀ ወደ እትዬ እታለማሁ ተመለሰች።

«የሕይወት ቅቤ እርስዎ ጋ ነው የሚመጣው፣ አይደል?»

ሴትዮዋ እንባቸውን ዘረገፉት። «አልሰረቅኩም፣ በማርያም! እሷ ናት በአጥር የምታቀብለኝ። ደሴ የጠፋ ጊዜ ተስላ ነበር፤ ‹ልጄ በሬን ገብቶ እስካየው ቅባት ያለው ነገር በአፌ አይዞርም› ብላ። ‹ስለት ከተወራ አይሰምርም፣ ለሕይወት እንዳትነግሪ› ብላ አስማለችኝ። መጨረሻ የሰጠችኝን አልነካሁትም። ‹ይሄንን አስቀምጪልኝ፣ ደሴ ሲገባ አብረን እንበላዋለን› ብላኝ ነበር።»

«ማታ እንደማታይ አልነገረችዎትም?»

«አታይም ነበር?» እጃቸው ከአፋቸው ላይ ቀረ። «እኔኮ ኮራችብኝ ብዬ…»

ሶስና ሴትዮዋን ቅዳሜ በቆሙበት ቦታ አቆመቻቸው፤ ምንይችል አጠገባቸው ሆነ። ራሷ ወደ ሟች ቤት ደጃፍ ሄዳ አንዴ «ተወኝ!»፣ አንዴ «ተወው!» እያለች ተጣራች። ነፋሱ ከሐይቁ ሽቅብ ይነፍስ ነበር። እትዬ እታለማሁ ሁሉንም «ተወኝ ነው» አሉ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ሶስና ደሴን ይዛው ገባች። ካቴናውን ሲያዩ ሴቶቹ ለቅሶውን አዲስ አደረጉት። ጸጥ እስኪል ጠበቀች።

«ወይዘሮ በቀለችን የገደለ ሰው የለም» አለች። «ልጃቸው ከጠፋ ወዲህ ቅባት አልቀምስም ብለው ተስለው ነበር። ሦስት ዓመት ድንች በጨው በልተው ከረሙ። ዓይናቸው በዚያ ሰበብ ተለወጠ፤ ማታ አያዩም ነበር። እትዬ እታለማሁን ሰላም ያላሏቸው ኮርተው አይደለም፤ ሠርክ የቀሩትም ሃይማኖታቸው ላልቶ አይደለም። ምክንያቱ ቢጠየቅ ስለቱ ይወጣል ብለው ደበቁት። ማታ የግድ ሲወጡ ግን መሪ ነበራቸው፤ ከመቃኑ ወደ ኮሶው፣ ከኮሶው ወደ በሩ የተዘረጋ ገመድ። ፍቆሹ ሦስቱም ቦታ አለ፤ እዩት። ቅዳሜ ግን ገመዱ በቦታው አልነበረም። ልጃቸው ሲጠራቸው በጭቃ እጃቸው መቃኑን ከላይ እስከ ታች ዳበሱ። ‹የታለ?› ያሉት ገመዱን ነው። ከዚያ ወደ ድምፁ ሄዱ። ገመዱ በኮሶው ዞሮ ይታጠፋል፤ ድምፅ ግን ገደሉን አቋርጦ በቀጥታ ነው የሚመጣው። ደሴ እናቱን አልነካም።»

ምንይችል ካቴናውን ሊፈታ ሲነሳ አቶ እንግዳው ቆሙ። «ቆይ እንጂ! ገመዱንስ ማን ፈታው? ገዳይዋ እሱ ነዋ!»

«ለጉዳዩ አያስፈልግም» አለች ሶስና።

«እንዴት አያስፈልግም? የወንድሜ ሚስት እኮ ናት!»

«ጋሼ፣ በቃ አልኩ!» ድምፅዋ ተቆጣ፤ ፊቷ ግን ይለምን ነበር።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ በጉ ጮኸ።

ሕይወት ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። ማንም አላስቆማትም። በጉን እየጎተተች ስትመለስ ገመዱን በሁለት እጇ ይዛው ነበር፤ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ትዳብሳለች። ለዓይን ሳይሆን ለእጅ የተቋጠሩ መሆናቸው አሁን ገባት።

«የልብስ ማስጫ መስሎኝ» አለች። «የበጉ ማሰሪያ መንገድ ላይ ተበጠሰብኝ። እሷ ጓሮ ግድግዳ ትመርጋለች… እንዳታየኝ ብዬ ቶሎ ፈታሁት። ነገ እመልሰዋለሁ ብዬ… ወይኔ! ወይኔ እናቴን!» መሬት ላይ ተዘረረች።

ደሴ ሮጦ አቀፋት። «አንቺ አይደለሽም! እኔ ነኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ ባልጠራት፣ እንደ ልጅ ገብቼ እግሯ ላይ ብወድቅ…» አቶ እንግዳው ጠያቂ አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለቀሱ።

ሶስና አጠገባቸው ተንበረከከች። የምርመራዋን የመጨረሻ ቃል ለዚች ልጅ ነበር ያስቀመጠችው።

«ሕይወት፣ ስሚኝ። ገመዱን ሲያጡት እናትሽ ‹ተወው፣ መጣሁ› ነው ያሉት። እትዬ እታለማሁ ‹ተወኝ› ብለው የሰሙት እሱን ነው። ቆመው መጠበቅ ይችሉ ነበር፤ ልጃቸው ራሱ በመጣ ነበር። አልቻሉም። ሦስት ዓመት ጠብቀዋል። ገመዱን የተዉት እሳቸው ናቸው።»

«ይሄ ያጽናናኛል ብለሽ ነው?» አለች ሕይወት፣ እርስዎ ማለቱን ረስታ።

«አይደለም» አለች ሶስና። «እውነት ስለሆነ ነው።»

ለቀስተኛው ወደ ማታ ሲበተን እትዬ እታለማሁ የቅቤውን ቅል አምጥተው በወንድምና እህት መካከል አስቀመጡት። የከፈተው የለም። ሕይወት ገመዱን ከበጉ አንገት ፈታችና አንዱን ጫፍ የግራው መቃን ላይ፣ እዚያው በለመደው ፍቆሽ ውስጥ አሰረችው። ደሴ ሌላውን ጫፍ ይዞ በኮሶው ዞረና የአጥሩ በር ምሰሶ ላይ ቋጠረው። ለማን ነው ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። በጉም ግቢው ውስጥ ልቅ ሆኖ ሣር ይግጥ ጀመር፤ የሚያርደው ሰው ጠፍቶ።