ገና ያልተወለዱ ፋይሎች

አሥራ ሁለተኛውም ኮምፒውተር እዚያው መስመር ላይ ቆመ።

ሰልሚያ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ጥቁሩ መስኮት ነጫጭ ጽሑፎቹን ሽቅብ ሲያንከባልል ቆይቶ፣ እንደ ሌሎቹ አሥራ አንድ ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ጥሎ ዝም አለ። ከሥሩ ትንሿ ካሬ ብልጭ ድርግም ትላለች።

«በቃ፣ እንሂድ» አለች ሀሴት ከበሩ ላይ። ቦርሳዋን አንግታ ጨርሳለች። «ፍላሹን ራምዚ ገድሎታል። ችክ አትበይ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ከትናንት ወዲያም አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።»

ሀሴት ትንሽ ጠብቃ ሄደች። የጠዋት ፈረቃ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ከገቡ ቆይተዋል፤ ከግቢው ውጪ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። ሰልሚያ ደብተሯን አውጥታ እስክሪብቶዋን በጥርሷ ከፈተች።

ኮምፒውተሮቹ ከውጭ አገር በዕርዳታ የመጡ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ሊኑክስ ስለሆነ፣ ቡታጅራ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑት ልጆች አንዱን አይተው «ይሄን አናውቀውም» ብለው ሄደዋል። ትልቁ ችግር ግን አማርኛ አለመጻፋቸው ነበር። የኮምፒውተር ክበቡ የግድግዳ መጽሔቱን ዘንድሮ እንኳ በእጅ ሳይሆን አትሞ ሊያወጣ አስቦ ነበር። ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣው የክበቡ ኃላፊ መምህር ይድነቃቸው፣ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛውን ለምኖ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ከኢንተርኔት አስወረደ። ራምዚ ደግሞ ቅዳሜ ዕለት ከአጎቱ ጋር መርካቶ ሲሄድ ፕሮግራሙን በፍላሽ ተቀብሎ አመጣው።

ፕሮግራሙ ያለቀለት አልነበረም። የመጣው ምንጭ ኮዱ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ጽሑፍ ነው፤ ያውም ተጠቅጥቆ ታሽጎ። መምህሩ ይህን ሲያስረዳ ክፍሉ ግራ ቢጋባም ሰልሚያ ወዲያው ገባት። አባቷ ከእንሴኖ በርበሬ እያመጣ ይሸጣል። በርበሬ በእግር ተረግጦ ጆንያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ ጆንያው ሲፈታ ግማሽ ክፍል ይሞላል። ከዚያ ይለቀማል፣ ይቀነጠሳል፣ ይፈጫል። ይህም እንደዚያው ነው። «ታር» የሚባለው ትእዛዝ ጆንያውን ይፈታል። «ኮንፊገር» ቤቱን ዞሮ የሚያስፈልገው ሁሉ መኖሩን ያያል። «ሜክ» ኮዱን ፈጭቶ ፕሮግራም ያደርገዋል። የመጨረሻው ትእዛዝ በየቦታው ያስቀምጠዋል።

ጆንያው ማስጠንቀቂያ እየደረደረ፣ እያጉረመረመም ቢሆን ይፈታል። ሁለተኛው ትእዛዝ ላይ ግን ሁሉም ይቆማል።

አሥራ ሁለት ኮምፒውተር አንድ ላይ ሊበላሽ ስለማይችል ጥርጣሬው ፍላሹ ላይ ወደቀ። ራምዚ ሲጠየቅ ፍላሹን የትም እንዳልሰካው ተናገረ። ሀሴት ስትከፍተው አሥራ አራት ዘፈኖች አገኘች። ከዚያ በኋላ የተናገረውን ማንም አልሰማውም። መምህር ይድነቃቸው የክፍሉን መዝገብ ገልጦ «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው ዓምድ ሥር «ፍላሹ በቫይረስ ተበላሽቷል፤ ራምዚ» ብሎ ጻፈ። ራምዚ ከክበቡ ወጣ። እሱ ይዞት የነበረው የክፍሉ ቁልፍ በክር ታስሮ ሰልሚያ አንገት ላይ ገባ።

ሰልሚያን አንድ ነገር ሲቆረቁራት ሰንብቷል። እሷም ሆነች መምህሩ የመስመሩን የመጀመሪያ ቃል፣ «ስህተት» የሚለውን፣ ካዩ በኋላ የቀረውን አንብበውት አያውቁም።

አሁን ፊደል በፊደል ገለበጠችው። መዝገበ ቃላቱን ከመደርደሪያው አወረደችና በየቃሉ ሥር ትርጉሙን ጻፈች። ሲገጣጠም እንዲህ ሆነ፦ አሁን የተፈጠረው ፋይል ታሽገው ከመጡት ይልቅ የቆየ ነው፤ የኮምፒውተሩን ሰዓት ተመልከት።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። አሁን የተሠራ ነገር ከዱሮዎቹ እንዴት ይቆያል? ልጅ አባቱን በዕድሜ በለጠ እንደማለት ነው።

ከጆንያው የወጡትን ፋይሎች ከነቀናቸው ዘረዘረቻቸው። ሁሉም 2008 ይላሉ። ከዚያ ስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን አየች። 2001።

ለኮምፒውተሩ፣ እነዚህ ፋይሎች ገና አልተወለዱም።

ኅዳር ላይ፣ የክበቡ የመጀመሪያ ሳምንት፣ የኮምፒውተሮቹ ሰዓት ልክ አይደለም ያለች እሷ ነበረች። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ 2001 እያለ እነሱ ለምን 2008 ይላሉ? ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ሲሆን ለምን አሥራ አራት ይላሉ? የይለፍ ቃሉን ከመምህሩ ተቀብላ፣ ቁርሷን ሳትበላ፣ አሥራ ሁለቱንም አንድ በአንድ በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት አስተካከለች። መምህር ይድነቃቸው ስቆ «ፈረንጆቹን ሐበሻ አደረግሻቸው» አለ። ክፍሉ አጨበጨበ። ያን ቀን ቤቷ እስክትደርስ ፈገግታዋ ከፊቷ አልጠፋም።

ሰልሚያ ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ በጣቷ ተከተለች። ዛሬ ጥር 15 ነው፤ ከሥሩ በትንሹ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ 23፣ 2009 ተጽፏል። ሰዓቱ ላይ ስድስት ደመረች። ትእዛዙን ጻፈች፣ ቀኑ ተቀየረ። የተፈታውን አጥፍታ ጆንያውን እንደ አዲስ ፈታችው።

አላጉረመረመም።

«ኮንፊገር» ቤቱን ዞረ፣ ዞረ፣ ያቺን መስመር አለፋት። «ሜክ» ስትለው ጽሑፉ ያለማቋረጥ ይወርድ ጀመር። መብራት እንዳይጠፋ ብቻ እየለመነች ጉልበቷን አቅፋ ጠበቀች። ሲያልቅ የመጨረሻውን ትእዛዝ ሰጠች፣ ፕሮግራሙን ከፈተችና ሦስት ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ ላይ «ሰ» የምትል ፊደል ቁጭ አለች።

አላጨበጨበችም። ሌላ ወንበር ስባ ወደ አሥራ አንደኛው ኮምፒውተር ዞረች።

አራተኛው ላይ ስትደርስ መምህር ይድነቃቸው ጠመኔ የነካ ጋዋኑን እንደለበሰ ገባ። አማርኛውን ሲያይ ጎንበስ ብሎ የገዛ ልጁን ስም ጻፈ፤ አጠፋውና እንደገና ጻፈው።

«ፍላሹን እንዴት አዳንሽው?»

ልትመልስ አፏን ከፈተች። እሱ ግን አልጠበቃትም፤ ደስታው ይዞት ይናገር ነበር። ለሴሚስተር ዕረፍት ወልቂጤ ላይ የአንድ ሳምንት የኮምፒውተር ሥልጠና እንዳለ፣ ከትምህርት ቤቱ አንድ ተማሪ ብቻ እንደሚላክ፣ ስሙን ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ለርዕሰ መምህሩ እንደሚሰጥ ነገራት። ስለ ሥልጠናው ከወሩ መጀመሪያ ጀምራ ሰምታለች። ሶላቷን ጨርሳ ዱዓ ስታደርግ እንኳ ስሙን ታነሳው ነበር።

«ሌላ ማንን ልጽፍ ነው?» አለ፣ ሰዓቱን እያየ። ደወል ተደወለና ወደሚያስተምርበት ክፍል ሮጠ።

ሰልሚያ አራተኛውን ጨረሰች። ሦስተኛውን ጨረሰች። ሁለተኛውንም። ፊደሎቹ በየስክሪኑ ቁጭ ቁጭ አሉ። ማንም ሰዓቱን አይመለከትም፤ ቢመለከትም ማን እንደቀየረው አይጠይቅም። ራምዚ ደግሞ ዋሽቷል፤ ዘፈኖቹን በዓይኗ አይታለች። ይህን ለራሷ ሦስት ጊዜ ነገረችው። ሦስቱንም ጊዜ እውነት ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ዘፈን ኮምፒውተር አላቆመም።

አንደኛውን ኮምፒውተር ሳትነካው ተነሳች። መዝገቡን ከመሳቢያው አውጥታ ገጹን ፈለገች። የራምዚ ስም የመምህሩ ጥሩ እጅ ጽሑፍ ውስጥ ተጋድሟል። በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመረችበትና ከጎኑ በትንሹ ጻፈች፦ «ፍላሹ ደኅና ነው። ኅዳር ላይ የኮምፒውተሮቹን ቀን ወደ ኢትዮጵያ የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱ ይህ ነው። ሰልሚያ ሳኒ።» ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አለችበት።

ራምዚን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ጆተኒ ሲጫወት አገኘችው። ለጁምዓ የለበሰውን ነጭ ጀለቢያ እጅጌ ሰብስቦታል።

«እመቤት ሊኑክስ» አለ ዓይኑን ከኳሷ ሳያነሳ። «ምን ጠፋ ደግሞ? እኔን ፈትሹኝ።»

«ሙድ አትያዝብኝ። ና አንዴ።»

«እዚሁ ንገሪኝ።»

ሁለቱ ጓደኞቹ ጆሮ ሰጥተዋል። ሰልሚያ ወደ አጥሩ ልትስበው ፈለገች፤ ግን እሱም ከክበቡ የወጣው ሰው ፊት ነበር።

«ፍላሹ አልተበላሸም» አለች። «ሰዓቱ ነው። ኅዳር ላይ የቀየርኩት ሰዓት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

ኳሷ ግብ ገባች። ራምዚ አላያትም።

«ሁሉም እየሠራ ነው?»

«አሥራ አንዱ። አንድ ቀርቷል።»

«ቲቸር ያውቃል?»

በብብቷ የያዘችውን መዝገብ ገልጣ አሳየችው። ራምዚ ቀስ ብሎ አነበበው። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ለመያዝ ሲታገል አየችው፤ ንዴትም አለበት፣ ሌላም አለበት።

«ዘፈኑን ዋሽቻለሁ» አለ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ወልቂጤስ?»

ከሻርፗ ሥር ክሩን አውጥታ በራሷ ላይ አሾለከችውና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠች። ከአንገቷ የተነሳ ስለነበር ይሞቃል።

«መጀመሪያ ቀኑን አስተካክል» አለችው። «ግድግዳው ላይ ታገኘዋለህ፤ በትንሹ የተጻፈውን። ሰዓቱ ላይ ስድስት ደምር። ከዚያ ጆንያውን ፍታ።»

«አንቺስ?»

«ቲቸር ስሙን ሳይሰጥ ልድረስበት።»

የክፍለ ጊዜው ማብቂያ ደወል ሲደወል ሜዳውን አቋርጣ ወደ መምህራን ክፍል ሄደች። መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ገጹ እንዳይጠፋት ጣቷን መሃሉ ላይ አድርጋለች። በሩ ጋ ስትደርስ ከኋላዋ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ፣ በሦስተኛው እሺ ሲል ሰማች። ራምዚ ያ ግትር በር እንዴት እንደሚከፈት አልረሳም።

ጣቷን ሳታወጣ፣ በሌላው እጇ አንኳኳች።