በመስታወት የገባች ፀሐይ

ወይዘሮ ሸሪፋ ኮምቦልቻ ከልጆቻቸው ጋር በሚኖሩበት ቤት፣ በመስታወት በተከለለው በረንዳ፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ጀርባቸውን ለትራስ ሰጥተው ሞተው ተገኙ። ፀሐይ በመስታወቱ አልፋ ፊታቸው ላይ ወርዳ ነበርና ልጃቸው ረውዳ ከገበያ ስትመለስ ፍራሹ ላይ መሆናቸው ቢገርማትም እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት፣ እንዳትቀሰቅሳቸው ጫማዋን አውልቃ አልፋቸው ነበር።

ወሩ መጋቢት፣ ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። ኢንስፔክተር ጽናት አግማስ ጥሪው ሲደርሳት ደሴ ነበረች። የበልግ ጉም ከተማዋን ከንጋት ጀምሮ ውጦ ስላልለቀቃት፣ ሾፌሩ ረፋድ ላይ መብራት አብርቶ ቁልቁለቱን በዳበሳ ወረደው። ኮምቦልቻ ሊደርሱ ሲሉ ነው ሰማዩ የተገለጠላቸው። አጠገቧ የተቀመጠው የአጥንት ሐኪሙ ዶክተር ይስማው ነበር።

«ሟቿን ያውቋቸዋል?» አለችው።

«መስከረም ላይ አዲስ አበባ የዳሌ መገጣጠሚያቸው በሰው ሠራሽ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ የምከታተላቸው እኔ ነኝ። ደሴ ሳሉ ቁስሉ ቢሽርም መቆም አቃታቸው። ደማቸውን ስናይ ቫይታሚን ዲ ከሚገባው እጅግ ዝቅ ብሏል። ዓመታት ከጨለማ ቤት አልወጡም። ጠብታ አዘዝሁላቸው፤ ኮምቦልቻ ወርደውም ፀሐይ እንዲሞቁ መከርኋቸው። እንቅስቃሴ የምታሠራቸው ሀኒ የምትባል ባለሙያ ናት። ዛሬ ልታሠራቸው ስትደርስ ወንድ ልጃቸው ካሊድ ‹በመድኃኒት ገደለቻት› ብሎ አንቆ ይዟታል። እያለቀሰች የደወለችልኝ እሷ ናት።»

«መድኃኒቱ ይገድላል?»

«ከልክ ካለፈ ይጎዳል። ግን ለሳምንታት ተጠራቅሞ ነው፤ ጥማቱ፣ ማስታወኩ፣ መደናገሩ ይቀድማል። ቁርሱን በልቶ ሲቀልድ ያረፈደን ሰው ድንገት አይጥልም። ሰሞኑንም ደማቸውን አይተናል፤ መጠኑ ገና ወደ ጤናማው መድረሱ ነው።»

«ያዳናቸው እሱ ነው ማለት ነው?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «እሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልም። እንቅስቃሴውም አለ። እልኻቸውም አለ። እንደሳቸው ያለ እልኸኛ በሽተኛ አላጋጠመኝም።»

የግቢው በር ላይ ያገኟቸው የሟች ባል ወንድም አቶ አብዱልወሀብ ነበሩ። ረጅም፣ ጺማቸው የነጣ፣ ሰው ሁሉ መንገድ የሚለቅላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ጀናዛ ቶሎ ይቀበራል እንጂ አይዘገይም፣ ልጄ» አሏት። «ከፈኑ ተዘጋጅቷል።»

«ዛሬ ይዘገያል፣ አባቴ» አለች ጽናት፤ አልፋቸውም ገባች።

ዶክተር ይስማው የሟቿን የዓይን ሽፋን ገለጥ አደረገ። ነጩ ላይ ጥቃቅን ቀያይ ነጠብጣቦች አሉ። የታችኛው ከንፈራቸው ከውስጥ በኩል በገዛ ጥርሳቸው ተተርትሯል። «ታፍነው ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ጽናት ግን የምታየው ሌላ ነው። የሟቿ እጅጌ እስከ አንጓቸው ወርዶ ተቆልፏል፤ ሻሻቸው አገጫቸው ሥር ተጠብቆ ታስሯል። ፍራሹ ከመሬት አንድ ስንዝር ቢያልፍ ነው። ውጭ፣ ግቢው መሐል፣ ከፍ ያለ ባለ መደገፊያ ወንበር ባዶውን ፀሐይ ይመታዋል።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ኮማንደር ደምመላሽ ነው።

«ልጅቷን እሰሪና አስከሬኑን ልቀቂ። ከዞን ሳይቀር እየተደወለልኝ ነው። ሽማግሌው የተከበሩ ሰው ናቸው።»

«ልጅቷን የማስርበት ምክንያት የለኝም፣ ጌታዬ።»

«ትእዛዝ ነው!»

«እንግዲያው በጽሑፍ ይላኩልኝ። ፊርማዎን ሳይ አስራታለሁ።»

ጽናት ስልኩን ዘጋችና ረውዳን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ጠዋት እንዴት ትተሻቸው ሄድሽ?»

«እንደ ወትሮው። ወንበሯ ላይ አስቀምጬ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰብሁላት። ፀሐዩ ቆዳዋን ካልነካው ዋጋ የለውም ብሏል ዶክተሩ። ለእኔም፣ ለካሊድም፣ ለሀኒም ቁጭ አድርጎ ነው ያስረዳን።»

«የግቢው በርስ?»

«ስስበው ራሱ ይቆለፋል። ቁልፍ ያለን እኔና ካሊድ ነን። ከውስጥ ግን በእጅ ይከፈታል።»

«እናትሽ ሊከፍቱ ይችላሉ?»

ረውዳ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «በምን እግሯ? ግቢውን ስጠርግ የመራመጃ ብረቷን ወጥ ቤት አስጠግቼ ረስቼው ሄድሁ። አሁንም እዚያው ነው። እስከ በረንዳው ድረስ እየዳኸች መጥታ ነው የሞተችው እያልሁ ነው የምቃጠል።»

ሀኒ ወጥ ቤቱ ደጃፍ ተኮራምታ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ የካሊድ ጣቶች ምልክት ቀርቷል።

«ያለ ብረቱ መራመድ ይችሉ ነበር?» አለቻት ጽናት።

ሀኒ ቀና አለች። «ትናንት ጀመሩ። ረውዳ ሳትኖር። ከወንበሩ ብድግ ብለው ያለ ምንም ድጋፍ እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። እየሳቁ አለቀሱ፣ እትዬ ሸሪፋ። ‹ለልጆቼም እንዳትነግሪ፤ አርብ ቢስቲማ ላይ ሁሉም በዓይኑ ይየኝ› ብለው አስማሉኝ።»

የቢስቲማውን ነገር የነገራት ካሊድ ነው። ፋብሪካ ሥራ ላይ ሳለ ነው እህቱ የጠራችው፤ የሥራ ቱታውን እንኳ አላወለቀም።

«አባቴ ቢስቲማ ያለችውን ምንጭ ከነዙሪያዋ ለመንደሩ ወቅፍ ብሎ ሰጥቷት ነበር፤ ለአላህ ተብላ የተሰጠች ናት። እሱ ሲሞት አጎቴ ‹የወንድሜ ርስት ነው› ብሎ አጠራት። ሽማግሌዎቹ ‹ሲሰጥ ከነበሩት በሕይወት ያለችው ሸሪፋ ናት፤ በእግሯ መጥታ ድንበሩን ታሳየን፤ የሌላ ሰው አፍ አንቀበልም› አሉ። ቀጠሮው አርብ ነው።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ተጣላኋት። አጥንትሽ ሳይጠና ያን ዳገት አትወጪም አልኋት። ‹አላህ ያቆመኝን አንተ አታስቀምጠኝም› አለችኝ።» ፊቱን በቱታው እጅጌ ጠረገ። «የመጨረሻ ቃሏ ይኸው ነው።»

አቶ አብዱልወሀብ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መቁጠሪያቸውን ከጣታቸው አላወረዱም።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ? ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር። ሱቄ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቅሁ ሳለ ካሊድ ደወለልኝ። መኪና ይዤ ወረድሁ።»

«ወይዘሮ ሸሪፋን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩአቸው መቼ ነው?»

«ከአረፋ ወዲህ ዓይኗንም አላየሁ። ተቀያይመናል፤ አልዋሽም።»

«በምን የሞቱ ይመስልዎታል?»

«ወላሂ፣ በድፍረቷ ነው። ሰው ቁስሉ ሳይጠግግ ድጋፉን ጥሎ ግቢ ለግቢ ይንጎራደዳል? ልቧ አልቻለላት።»

ጽናት አመስግናቸው ተነሳች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ረውዳና ካሊድ ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ሀኒ ከዶክተሩ አጠገብ ቆመች፤ ለአቶ አብዱልወሀብ ወንበር ወጣላቸው። ጽናት የሟቿን ወንበር መደገፊያ ያዘች።

«ከዚህ እንጀምር» አለች። «ዶክተር፣ ወይዘሮ ሸሪፋ ፍራሹ ላይ መቀመጥ ይችሉ ነበር?»

«ክልክል ነው። ጉልበት ከዳሌ በላይ ከወጣ የተቀየረው መገጣጠሚያ ሊወልቅ ይችላል። ከፍ ያለውን ወንበር ያሠራንላቸው ለዚህ ነው።»

«ከመስታወት ጀርባ ፀሐይ መሞቅስ?»

«ሙቀት ያገኛሉ እንጂ ቫይታሚኑን አያገኙም። መስታወቱ ለዚያ የሚያስፈልገውን ጨረር ይከለክላል። ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ስለዚህ በገዛ ፈቃዳቸው እዚያ አልተቀመጡም። ገዳዩ ነው ወስዶ ያስቀመጣቸው። ረውዳ፣ ካሊድና ሀኒ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ከእነሱ አንዱ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ወንበራቸው ላይ ይተዋቸው ነበር፤ ማንም ነገሬ አይለውም። ወደ ፍራሹ የጎተታቸው፣ ‹በሽተኛ ናት፤ ፀሐይ የሚገባበት ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ ሞተች› ቢባል የሚያምን የመሰለው ሰው ነው። እንዴት እንደዳኑ የማያውቅ ሰው።»

ካሊድ ቀስ ብሎ ወደ ሀኒ ዞረ። ሀኒ አላየችውም።

«ሁለተኛ፣ ረውዳ እጅጌያቸውን ሰብስባላቸው ሄደች። እኛ ስንደርስ ተቆልፎ ነበር፤ ሻሻቸውም ታስሮ ነበር። ረውዳ፣ እናትሽ ለማን ይሸፈናሉ?»

«ለወንድ እንግዳ ነዋ! ለካሊድ አትሸፈንም፤ ለሀኒም ለእኔም አትሸፈንም።»

«ለባላቸው ወንድምስ?»

ረውዳ አፏን በእጇ ያዘች። «ለእሱማ ትሸፈናለች።»

የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ። «አገር ሙሉ ወንድ እያለ በእኔ ላይ?» አሉ አቶ አብዱልወሀብ። «ደሴ ነበርሁ አልሁሽ እኮ!»

«ፀሐይ እየሞቁ ነበር ብለውኛል። እኔም ጠዋቱን ደሴ ነበርሁ፣ አባቴ። ዛሬ ሰኞ ገበያ ፀሐይ አልወጣችም፤ ሰው በጉሙ እየተጋጨ ነው ያረፈደው። ፀሐይ የነበረው እዚህ ነው።»

«አፍ ያመልጣል! የቀን ልማዴን ነው የነገርሁሽ።»

«ይሁን፤ ያምልጥ። ‹ድጋፉን ጥሎ ይንጎራደዳል› ያሉትስ? ከአረፋ ወዲህ አላየኋትም ብለዋል።»

«ረውዳ ናት በስልክ የነገረችኝ!»

«እኔ?» ረውዳ ከደረጃው ተነሳች። «እኔ ራሴ መች አወቅሁና! እየዳኸች የገባች መስሎኝ ሳለቅስ አይደል ያገኘኸኝ?»

«ሀኒ ብቻ ናት የምታውቀው» አለች ጽናት፤ «እሷም ለማንም ላትነግር ምላለች። ሌላ ያወቀ ሰው ካለ፣ ዛሬ ጠዋት በሩን አንኳኩቶ ወይዘሮ ሸሪፋ በእግራቸው ሄደው የከፈቱለት ሰው ነው።»

ሽማግሌው ዙሪያውን አዩ። መንገድ የሚለቅላቸው አልነበረም። ሲናገሩም ጸጸት አልነበረባቸውም።

«ሳንኳኳ ‹ማነው› አለች፤ ‹እኔ ነኝ› አልኋት። ሻሿን እያሰረች መጥታ ከፈተችልኝ። ብረት የለ፣ ምርኩዝ የለ። ‹እየኝ አብዱልወሀብ፣ ደህና አድርገህ እየኝ› ብላ ሳቀችብኝ። ለሽምግልና ነበር የመጣሁት። ያን ሳቅ ማን ይችላል?» አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እንግዲህ ሞታለች። ድንበሩን ማን እንደሚያሳያችሁ አያለሁ።»

ካሊድ ሊዘልባቸው ሲል ዶክተሩ ያዘው። የጽናት ስልክ እንደገና ጮኸ።

«አሰርሻት?» አለ ኮማንደር ደምመላሽ።

«ሰው ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ጌታዬ። የተከበሩ ሰው ናቸው።»

ካሊድ ሀኒ እግር ሥር ወደቀ። እሷም ቶሎ አላነሳችውም።

የአስከሬኑ ምርመራ ሲያልቅ የደሴ ዘመዶች ቀብሩ ደሴ ይሁን አሉ። ረውዳ እምቢ አለች። አርብ ዕለት ጀናዛው ቢስቲማ ደረሰ፤ ጽናትም፣ ኮማንደሩ «ቀብር መሄድ ሥራሽ አይደለም» ቢላትም፣ ከሴቶቹ ጋር ቆመች። መንደርተኛው በሙሉ ወጥቷል። ጀናዛው ላይ ለመስገድ በውኃ ታጥቦ ውዱእ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ውኃው ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ነው። የአቶ አብዱልወሀብ ዘበኞች ዱላቸውን ይዘው መግቢያው ላይ ቆመዋል።

የሽማግሌዎቹ አንጋፋ ሼህ ሰይድ አጥሩ ሥር ሲደርሱ ቆሙ። «ድንበሩ የቱ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«የለውም» አለች ረውዳ። «እናቴ እንዳለችን፣ አባቴ ሲሰጥ ድንበር አላበጀለትም።»

ሼህ ሰይድ ጫማቸውን አወለቁ፤ እጅጌያቸውንም ሰበሰቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን እንጨት በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነቀሉት። ዘበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ዱላቸውንም አወረዱ። ቀጣዩን ካሊድ ነቀለው፤ ከዚያ ወዲያ ማን የትኛውን እንደነቀለ የሚያውቅ የለም። አጥሩ ከመሬቱ ሲነሳ ሕዝቡ ወደ ምንጩ ወረደ፤ እጁንና ፊቱን ታጥቦም ለሶላት ተሰለፈ።