ድምቡሼ በእርግጥ ታነባለች?

«አባዬ በር ከፈተ። ድመቷ ገባች።»

ድምቡሼ አንብባ ስትጨርስ እናታቸው አጨበጨበች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የድምቡሼ ታላቅ እህት ግን ነገሩ አልዋጥላት አለ። አራት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ተመላልሳ «ሀ»ን ከ«ለ» ያልለየች ልጅ፣ አዲሷ የልዩ ፍላጎት መምህርት በመጡ በሦስት ወር እንዲህ ልታነብ? «አስሸምድደዋት ነው» አለች በሆዷ።

እናታቸው እስክትወጣ ጠብቃ ከደብተሯ አንድ ገጽ ገነጠለች። «እማዬ ዳቦ ገዛች» ብላ ጻፈችና ድምቡሼ አፍንጫ ሥር ደቀነችው።

«አንብቢ እስቲ።»

ድምቡሼ ወረቀቱን አየች። እህቷን አየች።

«በይ እንጂ!»

ድምቡሼ ወረቀቱን ገልብጣ ተቀመጠችበት።

«ያው! እኔ እኮ ነቄ ነኝ።»

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ ያን የተጨማደደ ወረቀት ይዛ፣ ድምቡሼን እየጎተተች መምህርቷ ክፍል ገባች።

«ቲቸር፣ ለእማዬ ከመናገሬ በፊት ልጠይቅዎት ብዬ ነው። ይቺን ማንበብ አቅቷታል። በቃሏ ነው የሚያስጠኗት አይደል?»

መምህርቷ አልተቆጡም። «ስንት ደቂቃ ሰጠሻት?»

«ደቂቃ? ያው... ወዲያው ነዋ።»

መምህርቷ ዓረፍተ ነገሩን በትልልቅ ፊደል፣ ቃላቱን አራርቀው ጻፉት። መሃሉ የተቆረጠ ካርቶን ደረቡበት፤ በቀዳዳው አንድ ቃል ብቻ ታየ። ከዚያ ዝም አሉ። ዝምታው ከመርዘሙ የተነሣ ያሳፍር ነበር። ታላቅ እህቷ ዓይኗን ከመምህርቷ ከንፈር አልነቀለችም፤ ሹክ ሲሉ እጅ ከፍንጅ ልትይዛቸው። ከንፈራቸው ግን ንቅንቅ አላለም።

«እ... ማ... ዬ።» ካርቶኑ ተንሸራተተ። «ዳ... ቦ።» ደግሞ ዝምታ። «ገ... ዛች።»

ድምቡሼ ቀና ስትል ግንባሯ ተቋጥሯል።

«ውሸት ነው! ዳቦ የገዛሁት እኔ ነኝ!»

መምህርቷ በሳቅ ፈረሱ። የታላቅ እህቷ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የሸመደደ ሰው እንዲህ አይከራከርም።

እህትማማቾቹ ቤት ሲደርሱ ድምቡሼ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ሁለተኛው ቃል ላይ ተገተረች። «መ...» አለች። «መ...»

«ኧረ ነይ! ጨዋታው ሊጀመር ነው!» ብላ የታላቅ እህቷ ጓደኛ ከውጭ ተጣራች።

ቃሉን ነግሮ መሮጥ ይቻል ነበር። ታላቅ እህቷ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ገጠመችው። ወንበር ስባ ከጎኗ ተቀመጠች።

«እናንተ ቅደሙ» አለች፣ ዓይኗን ከገጹ ሳታነሣ።