የመዶሻው ጠባሳ

ቪብከ ከልዩ ልዩ ቁራጭ የተገጣጠመ ስንቱን ጎራዴ ያጋለጠች ልጅ ናት፤ የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ አሮጌ ጎራዴ ነጋዴዎች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ይጨንቃቸዋል። የዚያን እሁድ ግን የተጨነቀችው እሷ ነበረች። የፍቅረኛዋ የሄኒንግ አባት ምሳ ጠርተዋታል።

«በይ ልጄ» አሉ አቶ ኦቨራት፣ የፈረሰኛ ቅድመ አያታቸውን ጎራዴ ከግድግዳው አውርደው። «ሐሙስ ሙዚየሙ በስማችን ይረከበዋል። ሁሉም የራሱ ነው ወይስ ከዚህም ከዚያም የተለቃቀመ? ሳታፍሪ ንገሪኝ።»

አፎቱንና እጀታውን አስተያየች፤ የተመታባቸው ቁጥር ተመሳሳይ ነው። ደስ አላት። ቀጥላ የእጀታውን አናት፣ የስለቱ ጅራት በእጀታው ውስጥ አልፎ ወጥቶ የተቀጠቀጠበትን ቦታ አየች። በቅርብ የተመታ ነው፤ ስለቱ ተቀይሯል ማለት ነው፤ በየምቱ ላይ ደግሞ ትንሽ ጭረት አለች። ክው አለች።

ያቺን ጭረት ታውቃታለች። ሄኒንግ ጎራዴ የሚጠግንበትን መዶሻ ጥላ የሸረፈችው ራሷ ናት። የተዋወቁትም ያኔ ነው። «ተይው፣ ፊርማ አወጣሽልኝ» ብሎ አስቋት ነበር።

ቀና ብላ አየችው። ሄኒንግ ሳህኑ ላይ አፍጥጧል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«ሁሉም የራሱ ነው» አለች፣ ዓይኗን በጨው አጥባ።

ሽማግሌው ተነሥተው ግንባሯን ሳሟት። ምነው ባልሳሟት! በጎራዴ ነገር ዋሽታ አታውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ሐሙስም ይህንኑ ትመሰክሪልኛለሽ።»

«አትመሰክርም» አለ ሄኒንግ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ። «አባባ፣ አምና ልወልውልልዎ ብዬ ስወስደው ስለቱን ሰበርኩት። የሌላ ጎራዴ ስለት ገጠምኩበት። እሷ ለእኔ ብላ ነው።»

ምሳው ቀዘቀዘ።

«ስባሪውስ?» አሉ አባትየው።

«መሳቢያዬ ውስጥ አለ። መጣል አልቻልኩም።»

ወደ ቪብከ ዞሩ። «አንቺስ ለምን ዋሸሽኝ?»

«ስለምወደው» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ግን አፍሬያለሁ።»

«እፈሪ! ሁለታችሁም እፈሩ!» አሉ ተቆጥተው። ሆኖም ጥቂት ቆይተው ድንች ጨመሩላት።

የሙዚየሙ ነገር ቀረ። በሠርጋቸው ዕለት ሽማግሌው ጎራዴውን ይዘው መጡ። ሄኒንግ የድሮውን ስለት፣ እንደተሰበረ፣ በዚያችው በተሸረፈች መዶሻ መልሶ ገጥሞበታል። ሙሽሮቹ የሠርጉን ኬክ ሊቆርጡበት ሲያሳርፉት ጉማጁ ስለት አጠረ፤ እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ቪብከ ፊቷ ቀላ።

አቶ ኦቨራት እጃቸውን በሁለቱ እጅ ላይ ጫኑ።

«ግፊው እንጂ ልጄ፤ ይኼኛው የራሱ ነው።»