ሽማግሌ ለመላክ ሁለት ቀን ሲቀረው

ታጁን መጀመሪያ ያየሁት የሕፃን ቆብ አናቱ ላይ ደፍቶ ነው። ቆቡ ላይ ትናንሽ መብራቶች ይብለጨለጫሉ።

«እናትህን ጥራና ግባ፣ ተራህ ነው» አልኩት።

ደነገጠ። «እየሞከርኩት ነው...»

«በዚህ ጭንቅላት?»

ሳቀ። አለቀልኝ!

ሐርጌሳ ውስጥ 26 ጁን የሚባል ሰፈር ነበር የምንሠራው። ጎናችን ሕንፃ እየተሠራ፣ የሲሚንቶ ማደባለቂያው ሕፃናቱን ይቀሰቅስብናል። ሥራችን ጥናት ነው፤ ሕፃናት ሰውነታቸውን መቼ ማወቅ እንደሚጀምሩ። እኔ ቆቡን አድርጌ እጃቸውን፣ ቀጥሎ እግራቸውን በብሩሽ እነካለሁ። አንጎላቸው ውስጥ ደም ወደየት እንደሮጠ መብራቱ ያነባል። እጅ ሲነካ ስክሪኑ ላይ በጎን በኩል ይቀላል፣ እግር ሲነካ መሀል አናት ላይ። ታጁ ስክሪኑን ያያል።

እኔንም ያያል።

በአራተኛው ወር «ሪሀና፣ ጁምዓ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።

«ላክ» አልኩት። ምን አስባለሁ?

ሮብ ዕለት አለቃችን ዶክተር ቡራሌ ጠሩኝ። ኢሜይል አሳዩኝ። የታጁ ነው። የዳሚ ሰፈር ሕፃናት እግራቸው ሲነካ ስክሪኑ ምንም አያሳይም፤ ሪሀና ቆቡን በደንብ ስለማታጠብቅ ሌላ ሰው ይተካ ይላል።

በቀጥታ ወደ ታጁ ሄድኩ።

«ቆቤ ላልቷል?»

«ሪሁ፣ ዳታው ነው እንጂ እኔ...»

«አፍ የለህም? እዚሁ አጠገብህ አይደለሁ?»

«አንቺን ማስቀየም ፈርቼ ነው...»

«ስለዚህ ለቡራሌ ጻፍክ! ማሽንህን ፈትሽ። ሽማግሌም እንዳትልክ!»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ አንዴ ብቻ።

ሐሙስ ጠዋት ከዳሚ ኢስታሂል መጣች፤ ልጇን ዒሴን ታቅፋ። የስድስት ወር ነው። ቆቡን እስኪበቃው አጠበቅኩት። እጁን ነካሁ፣ ስክሪኑ በጎን ቀላ። እግሩን ነካሁ... ምንም። ታጁ ቀና ብሎ አላየኝም።

ቆቡን አወለቅኩ። ፀጉሩ ሥር፣ መሀል አናቱ እርግብግቢቱ ላይ ጥቁር ነገር ደርቋል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት በሶማሊኛ።

«ከርቤ ነዋ! ብርድ እንዳይገባው። ንጹሕ አድርጋችሁ አምጡ አላልሽም? አጥቤ፣ አሳምሬ፣ ቀባሁት!»

ያ ረቢ! ያደግኩት ጅጅጋ ነው። እናቴም ታናናሾቼን እንዲሁ ነበር የምትቀባቸው። ያንን ጥቁር ነገር በየቀኑ እያየሁት ነበር፤ ለምጄው ምንም አልመሰለኝም። የዳሚ እናቶች ደግሞ ለቀጠሮው ብለው ደርበው ነው የሚቀቡት። መብራቱ በየት በኩል ይለፍ?

ለብ ባለ ውሃ አጠብነው። ዒሴ ሕንፃው እስኪሰማ ጮኸ። ጡት ጠባ፣ ዝም አለ። ቆቡን መለስኩ፣ እግሩን ነካሁ።

ስክሪኑ መሀል ላይ ቀላ!

«ማሻአላህ...» አለ ታጁ።

ኢስታሂል ሁለታችንንም አየችና «ልጄ ደህና ነው?» አለች።

«ልጅሽ ደህና ነው። ያመመን እኛን ነው» አልኳት።

እሷ ስትወጣ ዞርኩበት።

«ስማ። የሚነበብ ነገር አልነበረም፤ እሱን እውነትህን ነው። እኔ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም። ማሽንህንም በከንቱ ሰድቤዋለሁ። ግን ቆቤ አልላላም።»

«አልላላም። አሁን ለዶክተር እጽፋለሁ።»

«መጀመሪያ ለኔ።»

ተነስቶ ቆመ። «ሪሀና፣ አጠፋሁ። ከአሁን በኋላ ስጠራጠርሽ የምትሰሚው ከኔ ነው፤ ብትጮኺብኝም።»

«እጮሃለሁ።»

«አውቃለሁ... ሽማግሌዎቹንስ?»

«ጁምዓ አላልክም?»

«እንዳትልክ ብለሽኝ!»

«ያ ሮብ ነው።»

መጡ፤ ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ መሐመድ ሞጌ ሰፈር ወንድሜ ኸሊፋ ቤት። ታጁም አላስቻለው፣ አብሯቸው መጥቷል፤ እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

«ልጁ ሥራው ምንድነው?» አለ ኸሊፋ።

«የሕፃናት ጭንቅላት ውስጥ ያያል» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«የእህቴንስ ጭንቅላት ይችለዋል?»

ታጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አልችለውም። እየጠየቅኳት እኖራለሁ።»

ኸሊፋ ሳቀ። እሺ ተባለ፤ ፋቲሓ ተቀራ።