በሰሌዳው ላይ የተሰረዘው x²

የሂሳብ መምህሩ ላርቴይ በራሱ ትውከት ላይ ተደፍቶ ሞቷል። አጥሚቱ ጺሙ ላይ ደርቋል፤ ዝንቦች ከሳህኑ ወደ አፉ ይመላለሳሉ። ከቴማ ከተማ ፖሊስ የመጣችው ኢንስፔክተር ናርህ ግን የምታየው የክፍሉን ሰሌዳ ነው።

«አጥሚቱን ያመጣችው ዴዴ ናት፤ የአይጥ መርዙም ያለው እሷ ወጥ ቤት ነው። ምን ይጠብቃሉ?» አለች ርእሰ መምህርቷ ኦፎሪዋ፣ አፍንጫዋን በመሀረብ ይዛ።

ምግብ አብሳይዋ ዴዴ መሬት ላይ ተዘርፍጣ ታለቅሳለች። «ልጄ፣ እኔ ብታሰር አራት ልጆቼን ማን ያበላቸዋል?»

«ይነሱ፣ አክስቴ» አለቻት ናርህ። «ከእርስዎ በኋላ ማን ገባ?»

«መምህር ቦአፎ።»

ሁለተኛው የሂሳብ መምህር ቦአፎ ክራቫቱን አስተካከለ። «አዎ፣ ገብቻለሁ። ላርቴይ ይህን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ነበር። አጥሚቱን ገና አልነካም። ተሰናብቼው ወጣሁ።»

«ሲጽፍ በዓይንዎ አይተዋል?»

«ዕውር እመስላለሁ እንዴ?»

ሰሌዳው ላይ (x²−9)/(x²−3x) ተጽፏል። x² ከላይም ከታችም ተሰርዞ 3/x ቀርቷል።

ናርህ የሟቹን መሳቢያ ከፍታ አንድ ቁልል ደብተር አገላበጠች። ሬሳው ሲወጣ ርእሰ መምህርቷን፣ ዴዴንና ቦአፎን እዚያው ሰበሰበች።

«ላርቴይ ለተማሪዎቹ የሠራው ይኸው» አለች አንዱን ደብተር ገልጣ። «ላይኛው (x−3)(x+3)፣ ታችኛው x(x−3)። የሚሰረዘው የጋራ ማባዣው (x−3) ብቻ ነው፤ (x+3)/x ይቀራል። በመቀነስ የተያያዘውን x² ገንጥሎ መሰረዝ አይቻልም። በx ቦታ 1 ብናስገባ ጥያቄው 4 ይሆናል፤ የላርቴይም 4። የሰሌዳው ግን 3። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው ይህን አይጽፍም።»

«አሞት ይሆናላ!» አለ ቦአፎ።

«የእርስዎስ አርባ ተማሪዎች? ሁሉንም አሟቸው ነው?» ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። አርባውም ልክ እንደ ሰሌዳው x²ን ሰርዘዋል፤ ላርቴይ በቀይ ከቦታል። ከላይኛው ደብተር ጋር «ይህ ሰው ሂሳብ አልተማረም፤ ነገ ለርእሰ መምህርቷ አሳያለሁ» የሚል ወረቀት ተያይዟል።

«የትምህርት ማስረጃዎ የተገዛ መሆኑን ላርቴይ ደረሰበት። መርዙን አጥሚቱ ውስጥ ጨመሩበት፤ ከወደቀ በኋላ በሕይወት ትቼው ወጣሁ ለማለት ጠመኔ አነሱ። የሚያውቁት ግን ያንኑ ስህተት ነው። ሱሪዎንም ይመልከቱት፤ ትውከቱን ረግጠው ነው የጻፉት።»

ቦአፎ ወደ እግሩ ተመለከተ። የሱሪው ጠርዝ ላይ አጥሚት ደርቋል።

«አስጸያፊ!» አለች ርእሰ መምህርቷ። «አራት ዓመት ሙሉ ልጆቹን ይህን ስህተት ሲግታቸው!»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

«አክስቴ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አለች ናርህ።

ዴዴ ግን ከደብተሮቹ መካከል የትልቁን ልጇን ደብተር አውጥታ ወደ ርእሰ መምህርቷ ዘረጋች።

«አሁን ይህን ማን ያቃናለታል?»