የእንጦጦው ጨለማ ክፍል

መርማሪው ሻምበል ሰቦቃ እንጦጦ ላይ ከሚገኘው የጦር ምርምር ጣቢያ ሲደርስ፣ ተመራማሪው ለይኩን መስኮት በሌለው ክፍል ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን በብረት ተመትቷል። የጣቢያው ካድሬ ደግሞ መካኒኩን ዋቅጅራን አስሮ ጠበቀው።

«የዚህ ልጅ ወንድም ፀረ አብዮተኛ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይመረመራል፣ ጓድ ሻምበል?» አለ ካድሬው።

«ሟቹ ይመረመራል» አለ ሰቦቃ። እውነቱ ቶሎ ካልተገኘ ይህ ልጅ እንደማይተርፍ ያውቃል።

ግድግዳው ላይ ዱቄት የተቀባ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኢንፍራሬድ የሚባለው ለዓይን የማይታይ ጨረር ሲያርፍበት ያበራል፤ ጠላት በጨለማ የሚያይበትን መሣሪያ ለወታደሩ እንዲያጋልጥ የታሰበ ነው።

የለይኩን ረዳት ዘውድነሽ እንባዋን እየጠረገች አስረዳችው። «ዱቄቱ መጀመሪያ የአምፖል ብርሃን መጠጣት አለበት። ጠዋት ስንሞክረው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ጋሽ ለይኩን ‹ይህን ይዞ የሚዘምት ልጅ ያልቃል› ብለው ተናደዱ። ደግመን ልናጠጣው ስንል አምፖሉ ተቃጠለ።»

«ሌላ አልነበረም?»

«አልነበረም። ላመጣ ወደ ቀበና ወረድኩ፤ ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው።» አዲሱ አምፖል ካርቶኑ ሳይከፈት እጇ ላይ ነበር።

ዋቅጅራ ጄኔሬተር ሲጠግን ነበር የዋለው፤ ምስክር ግን የለውም። የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ወልደ ሐዋርያት ረጋ ብለው ተናገሩ። «እኩለ ቀን ላይ ለይኩንን በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ሰሌዳው አረንጓዴ ቦግ ብሎ፣ እሱም ደስ ብሎት ይሠራ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ የገባው ዋቅጅራ ነው።»

ሰቦቃ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ዶክተር፣ ሰሌዳው ቦግ ብሎ ነበር አሉ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የጠዋቱ ብርሃን አልቋል። አምፖሉ ተቃጥሏል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ታዲያ ዱቄቱ ምን ጠጥቶ በራ?»

ዶክተሩ ወደ አምፖሉ ቀና አሉ።

«አምፖሉ መቃጠሉን አልሰሙም። ለይኩን ከእርስዎ በኋላም በሕይወት እንደነበረ፣ ሙከራውም እንደሰመረ ሊያሳምኑን ፈለጉ። ሁለቱን ውሸት የሚፈልግ ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ይሠራል ብሎ ለበላይ ቃል የገባ።»

ዶክተሩ ሰሌዳውን በጣታቸው ነኩ። «ይሠራል ብለህ ጻፍ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። አልሠራም ቢባል አሻጥረኛ ተብዬ የምረሸነው እኔ ነበርኩ።»

ዋቅጅራ ሲፈታ ስለ ራሱ አልጠየቀም። «ትናንት ወደ ግንባር የተጫነውስ ዱቄት?» አለ።

ሰቦቃ ወደ ስልኩ ተራመደ። ካድሬው እጁን ስልኩ ላይ ጫነ። «ይህ የእርስዎ ምርመራ አይደለም።»

ሰቦቃ የካድሬውን እጅ ገፍቶ ደወለ። ዱቄቱን የጫኑት መኪኖች ደሴ ላይ ቆሙ። ሰቦቃ ግን ካድሬው ከስሶት በማግስቱ ለጥያቄ ተጠራ።